ስለ ዕድሜ ስፍር
(በሀራሙስ፣ ጅቡቲ፣ ለጤና ትምህርት ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)



በዚህ በሀራሙስ፣ በባሕሩ ዳር ለደስታ በተሰበሰብንበት ዕለት ስለ እርጅና መናገሬ ለወጣት ጆሮ የማይስማማ ቢመስልም፣ ከነገ ጀምሮ የምትይዙት የአረጋውያንና የባልቴቶች እጅ ነውና ነገሩን ማንሣት ግድ ሆኖብኛል።

ሙሉው በግእዝ ብቻ ተጠብቆ ለዓለም የደረሰው መጽሐፈ ኩፋሌ፣ አዳም በ930 ዓመቱ ሲሞት ከሺሁ 70 እንደ ጎደለው፣ ሺህ ዓመትም በሰማይ እንደ አንዲት ዕለት ስለሚቆጠር ከዕፁ በበላባት ዕለት እንደ ሞተ ያስረዳል፤ የዚህ አገር ወንድሞቻችን የሚያነቡት ቅዱስ ቁርኣንም ኑሕ በሕዝቡ መካከል አምሳ የጎደለው ሺህ ዓመት መቆየቱን ይናገራል። ቁጥሩን ከሐኪም መዝገብ ጋር ማስታረቅ የእኔ ሥራ አይደለም፤ ልቤን የሚስበው ሁለቱም ዕድሜ ከላይ የተሰፈረ መሆኑን መመስከራቸው ነው።

ይህን ስፍር ሊቃውንት በሕዋስ ውስጥ አገኙት። ሌናርድ ሄይፍሊክ በ1961 እ.ኤ.አ. የሰው ሕዋስ 50 ጊዜ ያህል ከተከፈለ በኋላ መከፈሉን እንደሚያቆም አሳየ፤ በክሮሞሶም ጫፍ ያለው ቴሎሚር በየክፍፍሉ እያጠረ እንደሚሄድ፣ ቴሎሜሬዝ የሚባለው ኤንዛይምም መልሶ እንደሚያረዝመው የተገለጠበት ምርምር ደግሞ ለኤልዛቤት ብላክበርን፣ ለካሮል ግራይደርና ለጃክ ሾስታክ በ2009 እ.ኤ.አ. የኖቤልን ሽልማት አስገኘ። ይህን ኤንዛይም ለሕዋሳት ሁሉ አድለን እርጅናን ስለ ምን አናስቀርም የሚል ቢኖር፣ አብዝተው የሚገለገሉበት አብዛኞቹ የነቀርሳ ሕዋሳት መሆናቸውን ያስተውል፤ አልሞትም ያለ ሕዋስ ተሸካሚውን ይገድላልና። ከጥንት አበው አንዳንዶቹ፣ ኪሩብ በነበልባል ሰይፍ ዕፀ ሕይወትን መጠበቁ ሰው ከነቍስሉ ለዘለዓለም እንዳይኖር የተደረገ ምሕረት ነው ብለው ማስተማራቸው ለእኔ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ግልጽ ሆኖ ይታየኛል።

ነገር ግን ስፍር አለ ማለት ሁሉ በዘር ተጽፎ አልቋል ማለት አይደለም። በዴንማርክ በመንትዮች ላይ የተደረገው ጥናት በሰዎች ዕድሜ መካከል ካለው ልዩነት ለውርስ የሰጠው ሩብ ያህሉን ብቻ ነው፤ በቀረው ውስጥ የእናንተ ሥራ አለ። በዚህ በጅቡቲ ሐሩር አንድ የባቡር ጡረተኛ ደክሞት ሲመጣላችሁ፣ የእጁን ቆዳ ቆንጥጣችሁ ስትለቁት ቶሎ ባይመለስ፣ የእርጅናም የውሃ ጥምም ምልክት ሊሆን ይችላልና «አርጅተው ነው» ብላችሁ አታሰናብቱት፤ ምላሱን እዩ፣ ውሃ መቼ እንደ ጠጣ ጠይቁ፣ የደም ግፊቱን ተቀምጦም ቆሞም ለኩለት።