የኩላሊት እጥበት ፈሳሽና በደም ሥር ላይ የሚጋገረው ካልሲየም

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁኝ በካርቲየ 3 ሱቅ ያለኝ ነጋዴ እንጂ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ኮሚቴው ተናገር ያለኝ ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ የኩላሊት እጥበት ሲያደርግ አራት ዓመት እየተመላለስኩ ስላስታመምኩት ነው።

ከመካከላችን ኩላሊቱ የደከመ ሲገኝ መዋጮ እናሰባስባለን፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። ዋጋው ስንት ነው፣ ማሽኑ አዲስ ነው ወይ ብለን እንጠይቃለን። ስለ ፈሳሹ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው ግን የለም። ፈሳሹ በደቂቃ ግማሽ ሊትር ያህል ይፈሳል፤ በአራት ሰዓት እጥበት 120 ሊትር ይሆናል። ደሙ በአንድ ወገን፣ ፈሳሹ በሌላው ወገን ሆኖ በመካከላቸው ስስ ሽፋን አለ። ከበዛበት ወደ አነሰበት ያልፋል። ቆሻሻው በዚህ መንገድ ከደም ይወጣል፤ በፈሳሹ ውስጥ ካልሲየም ከበዛ ደግሞ በዚያው መንገድ ወደ ደም ይገባል።

የጅቡቲን የጉድጓድ ውኃ ያፈላ ሰው በማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ያውቀዋል። በኩላሊት ሕመምተኛ ላይ የሚሆነው ከዚህ ይከፋል። ጤነኛ ኩላሊት ፎስፌት የተባለውን ንጥረ ነገር በሽንት ያስወጣል፤ ሲደክም ግን ፎስፌቱ ይጠራቀምና ከካልሲየም ጋር በደም ሥርና በልብ ቫልቭ ላይ ይቀመጣል። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ የደም ሥሩ ግድግዳ ራሱ የአጥንት ጠባይ እየያዘ ይሄዳል። በ2015 እ.ኤ.አ. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የኩላሊት ንቅለ ተከላ በመጀመሩ ሁላችንም ተደስተናል፤ ይሁን እንጂ የደም ሥሩ የደረቀ ሰው ኩላሊት የሚሰጠው ዘመድ ቢያገኝ እንኳ አዲሱን ኩላሊት ከደም ሥሩ ጋር መስፋት ያስቸግራል።

ለዚህ ነው ውኃው አስቀድሞ መጣራት ያለበት። በ1967 አሜሪካ ውስጥ ማለስለሻው በተበላሸ ማሽን የታጠቡ ሕመምተኞች በውኃው ካልሲየምና ማግኒዥየም ምክንያት ያስመልሳቸውና የደም ግፊታቸው ይጨምር እንደ ነበር ሐኪሞች ጽፈዋል።

በተጣራው ውኃ ላይ የሚጨመረው የካልሲየም መጠን 1.25፣ 1.5 ወይም 1.75 ሚሊሞል በሊትር ይሆናል። በሌላ መለኪያ 2.5፣ 3 ወይም 3.5 ተብሎ ስለሚጻፍ እንዳትደናገሩ። ኬዲጎ የተባለው ዓለም አቀፍ የኩላሊት ሕክምና ድርጅት በ2017 ባወጣው መመሪያ ከ1.25 እስከ 1.5 ያለው ይመረጣል ብሏል። 1.75 ካልሲየም ወደ ሰውነት ይጨምራል። ታዲያ ይቀነስልን ብላችሁ ሐኪሙን እንዳታስጨንቁ! በጣም ካነሰም በእጥበት ላይ ግፊት ይወርዳል፣ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል፣ አንገት ላይ ያለችው ዕጢም ካልሲየም ከአጥንት መሳብ ትጀምራለች። ሐኪሙ የሚወስነው የደሙን ምርመራ አይቶ ነው። ፎስፌት ለመያዝ ከምግብ ጋር የሚዋጠው የካልሲየም ክኒንም ከሒሳቡ ይገባል። ማግኒዥየም ጋገራውን ይከላከላል የሚሉ ጥናቶች አሉ፤ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ለገበያዬ ባይበጅም አንድ ነገር ልናገር። ጥቁሩ ለስላሳ መጠጥ ፎስፈሪክ አሲድ አለበት። ጥየቃ ስትሄዱ ለሕመምተኛ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ከእኔም ሱቅ ቢሆን አትግዙለት።

ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ሕመምተኛ የሚታጠብበት ቦታ ሲለወጥ ፈሳሹም ሊለወጥ ይችላል። የወንድሜ ሐኪም በትንሽ ወረቀት ላይ የካልሲየሙን፣ የፖታሲየሙንና የባይካርቦኔቱን ቁጥር ጽፎ ይሰጠን ነበር፤ ወንድሜም ከፓስፖርቱ ጋር ይይዘው ነበር። ኮሚቴያችን ለእጥበት ርዳታ በሚያስሞላው ቅጽ ላይ ከዋጋው በታች አንድ መስመር እንዲጨምር እጠይቃለሁ፦ «የፈሳሹ ካልሲየም ስንት ነው?»