እቁብ ሌላ፣ እድር ሌላ፣ መድን ሌላ

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ በጉንችሬ ከተማ ለመሠረታዊ ማህበራት አባላት ከቀረበ ንግግር)







አዘጋጆቹ እንድናገር የጠየቁኝ ስለ ቤተሰብ ገንዘብ አያያዝ ነው። ስለ ማዳበሪያ አቅርቦትና ስለ ገበያ ትስስር ከእኔ የተሻለ የሚያውቁ ስላሉ ወደዚያ አልገባም። እንደሚታወቀው ለጉራጌ ሕዝብ ቁጠባን ላስተምር ብዬ ብነሣ ቀድማችሁ የምትስቁት እናንተ ናችሁ። እቁብ የማይጥል አባወራ፣ እድር የሌላት እማወራ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብንፈልግ የምናገኝ አይመስለኝም። እናቶች ለመስቀል የሚያጠራቅሙት የቅቤ እቁብ ብቻ እንኳ ብዙ ባንክ የማያውቀው የቁጠባ ሥርዓት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል የምንቆጥብ ሰዎች ሆነን ሳለ፣ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ጠና አድርጎ ሲታመም በመጀመሪያ ወደ ገበያ የምትነዳው ላሟ የሆነችው ለምንድን ነው? ላሟ ከሌለች ያልደረሰው እንሰት ይነቀላል፤ ወይም ባህር ዛፉ ገና አጣና ሳይሆን ለነጋዴ ይሰጣል። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ይህን ጥያቄ ነው።

በእኔ አስተያየት ምክንያቱ የቁጠባ ማነስ ብቻ አይደለም። የቤት ወጪ ሁለት ዓይነት ነው፤ ቀኑ የታወቀ ወጪ አለ፣ ቀኑ ያልታወቀ ወጪ አለ። መስቀል ቀኑ ይታወቃል። የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም መስከረም ላይ እንደሚመጣ ይታወቃል። የማዳበሪያ ክፍያም፣ የመሬት ግብርም እንዲሁ ነው። ለእነዚህ ዓመቱን ሙሉ እንዘጋጃለን፤ በዚህ ማንም አይበልጠንም። (መስቀልን ቀንሱ የሚል ምክር ይዤ አልመጣሁም፤ እንዲህ ብሎ ከዚህ መድረክ በሰላም የሚወርድ ሰውም ያለ አይመስለኝም።) በሽታ፣ ሞት፣ እሳት፣ የከብት እልቂት፣ የእንሰት አጠውልግ ግን ቀን ቆጥረው አይመጡም። እኛ ደግሞ ለእነዚህም የምንተማመነው በዚያው በእቁቡ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። 20 ሰው ያለበት፣ በሳምንት 500 ብር የሚጣልበት እቁብ አለ እንበል። እጣው 10,000 ብር ነው። አንድ አባወራ 17ኛው ዕጣ ደረሰው። በ6ኛው ሳምንት ባለቤቱ ታመመችና 8,000 ብር አስፈለገ። እስከዚያች ቀን የጣለው 3,000 ብር ነው፤ እሱንም ቢሆን ዕጣው ሳይደርስ ማውጣት አይችልም። ዳኛውን ለምኖ ዕጣ ከሚለዋወጠው ሰው ካገኘ እሰየው። ካላገኘ በመቶ 10 ብር በወር ከሚያበድር ሰው ይወስዳል። ወለዱ በወር 800 ብር ነው። ዕጣው እስኪደርስ 11 ሳምንት አለ፤ የተጀመረ ወር እንደ ሙሉ ወር ይቆጠራልና 3 ወር ይሆናል፤ ወለዱ 2,400 ብር ገባ። በ17ኛው ሳምንት 10,000 ብሩን ተቀብሎ ወደ አበዳሪው ቢሄድ 10,400 ብር ይጠየቃል። እቁቡ ወጣ፣ ዕዳው አላለቀም። ደግሞ የቀሩትን 3 ሳምንታት 1,500 ብር መጣል አለበት፤ ዋስ አለበትና።

እቁቡ ምንም አላጠፋም። እቁብ ተራ ነው፤ ተራ ደግሞ የሰውን ሕመም ጠይቆ አይመጣም።

አራጣን ካነሣሁ አይቀር ሕጉን በአጭሩ ልንገራችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2479 ላይ በግለሰቦች መካከል በሚደረግ ብድር ተዋዋዮች በዓመት ከ12 ከመቶ በላይ ወለድ መስማማት እንደማይችሉ ይደነግጋል። ቅድም ያየነው 8,000 ብር በዚህ ስሌት ለ3 ወር 240 ብር ብቻ ነበር የሚወልደው። አራጣ ማበደር በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው ቁጥር 2472 ነው፤ ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር ክርክር ቢነሣ የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ የእምነት ቃል ወይም መሐላ ነው። ለጎረቤት፣ ለአማች፣ ለወንድምም ቢሆን አንዲት ወረቀት ጻፉ፤ ምስክር ይፈርም። መጻፍ አለመተማመን አይደለም። ከተቀበላችሁት በላይ ገንዘብ እንደተበደራችሁ አድርጎ የሚያስፈርም ሰው ካጋጠማችሁ ግን አትፈርሙ፤ ወለዱን ከዋናው ጋር ደምሮ መጻፍ የአራጣ አበዳሪ የታወቀ ዘዴ ነው።

አሁን ወደ እድር ልምጣ። እድር ቀኑ ላልታወቀ ነገር የተቋቋመ ነው፤ ከዚህ አኳያ አባቶቻችን መድንን ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ነገር ግን እድር የሚደርሰው ለቀብርና ለለቅሶ ነው። ድንኳኑን ይተክላል፣ ለቀስተኛውን ያስተናግዳል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ከነዕዳው ይቀራል። ታማሚ ለማሳከም ብር የሚያበድሩ እድሮች አሉ፤ የእናንተ እድር እንዲህ ያደርግ እንደሆነ መተዳደሪያ ደንቡን አስነብቡ። በተረፈ ከብድርና ቁጠባ ማህበርም ሆነ ከባንክ ስትበደሩ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ "ተበዳሪው ቢሞት ዕዳው በማን ላይ ይቀራል?" የብድር ሕይወት መድን ያለው አበዳሪ አለ፣ የሌለውም አለ። ካለ ክፍያው ከብድሩ ላይ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፤ የከፈላችሁበትን ሳታውቁ ቀርታችሁ ባልቴቷ ዕዳ ስትከፍል ማየት ያሳዝናል።

ለሕመም የተሠራው ሌላ ነው፤ የማህበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በቀድሞው ደቡብና በትግራይ ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀምሮ ዛሬ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል የተዳረሰ ሥርዓት ነው። አሠራሩ ለእድርተኛ እንግዳ አይደለም። አባልነቱ በግለሰብ ሳይሆን በቤተሰብ ነው፤ የታመመውን ልጅ ብቻ ላስመዝግብ፣ ጤነኞቹ ይቆዩ ማለት አይቻልም። 18 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች በቤተሰቡ መዋጮ ይካተታሉ፤ ከዚያ በላይ ለሆኑ አብረው ለሚኖሩ ተጨማሪ ይከፈላል። የመክፈል አቅም የሌላቸውን መንግሥት ይሸፍናል። የመዋጮው መጠን ከጊዜ ወደ ጊዜ ስለሚከለስ የዘንድሮውን ከቀበሌያችሁ ጠይቁ፤ ያለፈውን ዓመት ገንዘብ ቋጥራችሁ ሄዳችሁ አትመለሱ።

በየስብሰባው የምሰማው ቅሬታ አለ። "ዓመቱን ሙሉ ማንም ሳይታመምብን አለፈ፤ ገንዘባችን በከንቱ ቀረ" ይባላል። እኔ ደግሞ እጠይቃለሁ፤ ዘንድሮ ቤቴ ሰው አልሞተብኝምና የእድር መዋጮዬ ይመለስልኝ ብሎ ዳኛ ፊት የቆመ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እድር የከፈለ ሰው ገንዘቡ ለጎረቤቱ ቀብር ዋለ፤ የጤና መድን የከፈለም እንዲሁ ገንዘቡ ለጎረቤቱ ልጅ መድኃኒት ዋለ። ጤነኛ ሲሆን የሚወጣ፣ ሲታመም የሚገባ ሰው ከበዛ ግን ማዕዱ ባዶ ይሆናል። ለቅሶ ሲደርስበት ብቻ እድር ልግባ የሚልን ሰው የትኛው እድር ይቀበላል?

ሁለተኛው ቅሬታ ግን እውነት አለው። ጤና ጣቢያ ሲኬድ "መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዙ" ይባላል። ይህን መሸፋፈን አያስፈልግም፤ ሰውን ከእድሳት የሚያስቀረው ዋናው ነገር ይህ ነው። እንዲህ ሲያጋጥማችሁ ማዘዣውንና ደረሰኙን ያዙ፤ ስለ ወጪው መተካት የወረዳውን የጤና መድን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ አቤቱታውም በጽሑፍ ይሁን። ደረሰኝ የሌለው ቅሬታ የቡና ላይ ወሬ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ስህተት ደግሞ የእኛው ነው፤ ጤና ጣቢያውን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሄድ። መድኑ የሚሠራው ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወረቀት ነው፤ ያለ ሪፈር የሄደ ሰው ሙሉ ሽፋን አያገኝም። ወልቂጤም አዲስ አበባም ከመሄዳችሁ በፊት የምትሄዱበት ተቋም ከመድኑ ጋር ውል እንዳለው አረጋግጡ። አዲስ አበባ ያለው ልጃችሁ "ዝም ብላችሁ ወደ እኔ ኑ፣ የግል ሆስፒታል አሳክማለሁ" ሲል ፍቅሩ ነው፤ ሂሳቡ ግን ከመድኑ ውጭ መሆኑን እሱም ይወቅ። ለውጪው ልጅ ከዚህ የተሻለ ሥራ አለ፤ ለመስቀል ከሚልከው ላይ የወላጆቹን የዓመት መዋጮ አብሮ ይላክ።

የሰብልና የከብት መድን ጉዳይ ከአንዳንድ አባላት ተነሥቷል። በአገራችን በዝናብ መጠን የሚለካ የሰብል መድን በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲሃ በ200 ቤተሰቦች ተሞክሯል፤ አቅም ያነሳቸው ገበሬዎች ክፍያውን በጉልበት ሥራ እንዲከፍሉ ተደርጓል። በ2004 ዓ.ም. ክረምት ዝናብ በማጠሩም ከ12 ሺህ በላይ ገበሬዎች ካሳ አግኝተዋል። በዚሁ በ2004 ዓ.ም. በቦረና ለከብት አርቢዎች ተመሳሳይ መድን ቀርቧል። መልካም ጅምር ነው። ነገር ግን እንዲህ ያለው መድን የሚከፍለው በሳተላይት የታየው የዝናብ ወይም የግጦሽ መጠን ከተወሰነው በታች ሲወርድ እንጂ የእናንተ ማሳ ታይቶ አይደለም። የእናንተ ማሳ ተበላሽቶ የአካባቢው ዝናብ ግን በቂ ነው ከተባለ ክፍያ የለም። ለእንሰት አጠውልግም አይከፍልም። ስለዚህ እንዲህ ያለ መድን የሚሸጥ ሰው ሲመጣ "ምን ሲሆን ትከፍላላችሁ? ማን ይለካል? በስንት ቀን?" ብላችሁ ጠይቁ።

የእኛ የሰብል መድን እስከ ዛሬ እንሰቱ ራሱ ነው። ለመድረስ ከ4 እስከ 7 ዓመት የሚፈጅ ተክል ያለጊዜው ሲነቀል የሚጠፋው የዛሬው ቆጮ ብቻ አይደለም፤ የሚመጡት ዓመታት ቆጮና ቡላ ነው። በአጠውልግ የተያዘውን ከሥሩ ማስወገድና ቢላዋውን በእሳት ሳያጸዱ ወደ ጤነኛው አለመሄድ ደግሞ አንድ ብር የማያስወጣ መድን ነው።

ስለ ቁጠባ ቦታ ጥቂት ልበል። በሳር ቤት ውስጥ ብር ማስቀመጥ ለእሳትም ለአይጥም ነው። ባንክ ውስጥ የሚቀመጥ ገንዘብ ዋስትና አለው፤ በ2013 ዓ.ም. በወጣው ደንብ የተቋቋመው የገንዘብ አስቀማጮች መድን ፈንድ ባንክ ወይም ማይክሮ ፋይናንስ ቢከስር ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። ይህ ፈንድ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ህብረት ሥራ ማህበራትን አይጨምርም። ይህን የምናገረው ማህበራችሁን እንድትሸሹ አይደለም፤ የማህበራችሁ ዋስትና ኦዲቱና ጠቅላላ ጉባኤው መሆኑን እንድታውቁ ነው። የኦዲት ሪፖርት ሲነበብ ወደ ውጭ ወጥቶ ጫት የሚቅም አባል የራሱን መድን ትቶ ነው የወጣው።

ወለዱን በተመለከተ፣ ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ ከ5 ወደ 7 ከመቶ ከፍ አድርጎ ነበር። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ በብዙዎቹ ዓመታት የዕቃ ዋጋ ከዚህ በላይ ሲጨምር አይተናል፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ተንቀሳቅሷል። ማዳበሪያ አንዱ ነው። በመሆኑም ለማዳበሪያ የሚሆን ገንዘብ መጨረሻ ዕጣ ላይ ሆኖ ከመጠበቅ ይልቅ፣ ማህበሩ ቅድመ ክፍያ በሚቀበልበት ጊዜ ቀድሞ መክፈሉ ይሻላል። በእቁብም የማዳበሪያ ወር ያለበት ሰው ሲመሠረት ጀምሮ ዕጣውን በስምምነት ይያዝ።

በስልክ ገንዘብ መላክ በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ተለምዷል። "ተሸልመሃል፣ የሚስጥር ቁጥርህን ንገረኝ" የሚል ሰው ሌባ ነው። ከዚህ በላይ አላብራራም።

በመጨረሻ የማቀርበው ሐሳብ ለቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ነው። ዩኒየኑ ለመሠረታዊ ማህበራት፣ ማህበራቱም ለአባላት የትርፍ ክፍፍል ሲያደርጉ፣ ፈቅዶ የፈረመ አባል የጤና መድን መዋጮው ከድርሻው ላይ ተቀንሶ ማህበሩ በስሙ ገቢ ያድርግለት። ደረሰኙ ለእያንዳንዱ አባል ይሰጥ፣ ዝርዝሩም በማህበሩ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ድርሻው ለመዋጮው የማይበቃ አባል ልዩነቱን በእጁ ይጨምራል። ሐሳቡን የምትደግፉ ቦርዶች በአጀንዳ አስይዙት። የዘንድሮ እድሳት ያልጨረሳችሁ ግን ጉባኤውን አትጠብቁ፤ የቀበሌያችሁን የመዝጊያ ቀን ጠይቃችሁ አሮጌውን የአባልነት ደብተር ይዛችሁ ሂዱ፤ አዲስ የተወለደ ልጅ ካለ ስሙ ይጨመር፤ 18 ዓመት የሞላው ካለም ቀድማችሁ ተናገሩ። ደብተሩ ባል ኪስ ውስጥ ሆኖ ባል አዲስ አበባ ሲሄድ ቤት የቀረችው እናት ልጅ ታቅፋ ጤና ጣቢያ በር ላይ ትቆማለችና፣ ደብተሩ የሚቀመጠው ቤት፣ ሁለቱም በሚያውቁት ቦታ ነው።