ትርጁማን ያጣ ላፕቶፕ

የዛሬው ነገራችን ድራይቨር ነው።

ሊኑክስ የተጫነበት ላፕቶፕ ዋይፋይ አላይ ሲል፣ ብዙ ሰው ዕቃው ተበላሸ ብሎ ያዝናል፤ ዳሩ ግን ብዙ ጊዜ የጎደለው ድራይቨር ነው። ድራይቨር ምንድን ነው? ትርጁማን ነው። ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳና ባለ ቤቱ በአንድ ማዕድ ቀርበው፣ አንዱ የሌላውን ልሳን ባለማወቁ በዝምታ እንደሚተያዩ ሁሉ፣ የሊኑክስ ልብ የሆነው ከርነልና የዋይፋይ ካርዱም ትርጁማን ካልቆመላቸው በቀር ቃል ሊለዋወጡ አይችሉም።

እንግዲህ አስቀድሞ የእንግዳውን ማንነት መጠየቅ ይገባል፤ «ኤልኤስፒሲአይ» (lspci) የተባለው ትእዛዝ የካርዱን ስም ይነግረናል። ቀጥሎም «ዲሜሴጅ» (dmesg) የተባለው ትእዛዝ የከርነሉን መዝገብ ይገልጥልናል፤ በዚያም ፈርምዌር፣ ማለትም ካርዱ ራሱ የሚሠራበት ፕሮግራም፣ አልተገኘም የሚል ቃል ቢነበብ፣ ትርጁማኑ መጥቷል፣ መዝገበ ቃላቱ ግን በመንገድ ቀርቷል ማለት ነው። ይህም ብሮድኮም በተባለው ኩባንያ ካርዶች ዘንድ የተለመደ ነውና፣ ጤነኛ ካርድ በከንቱ እንዳይጣል አደራ እላለሁ።

ታዲያ ዋይፋይ ሳይኖር ድራይቨሩ ከወዴት ይምጣ? ስልካችሁን በዩኤስቢ ገመድ አገናኙና ኢንተርኔቱን ለላፕቶፑ አካፍሉት። ከዚያም ድራይቨሩንና ፈርምዌሩን አውርዳችሁ ጫኑ፤ ላፕቶፑንም ዘግታችሁ እንደ ገና ክፈቱት።