ዳገት ላይ የሚፈላ ውሃ፦ በኮምፒዩተር በተመሰለ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ የሞተር ግለትን ስለመከላከል



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። በኮምፒዩተር የተመሰለ የናፍጣ ሎኮሞቲቭ ዳገት ሲወጣ ሞተሩ ከመጠን በላይ እንዳይግል ሞዴሉም ነጂውም ምን ማወቅ አለባቸው? ለምሳሌነት የመረጥኩት የቀድሞውን የጅቡቲና የአዲስ አበባ መስመር ነው። ሀዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ በኋላ ዘመን የእንፋሎቱን ባቡር የናፍጣው ተክቶታል። ከባሕር ጠረፍ የተነሳ ባቡር ለገሃር እስኪደርስ ከ2300 ሜትር በላይ ይወጣል። ለሙቀት ስሌት ይህን ያህል ፈታኝ መንገድ በቀላሉ አይገኝም።

መነሻችን የኃይል ሚዛን ነው። ከናፍጣው ከሚገኘው ኃይል ወደ ሥራ የሚለወጠው ከሲሶ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ቀሪው በጭስ፣ በማቀዝቀዣ ውሃና በዘይት በኩል ይወጣል። ለስሌት እንዲመቸን ወደ ውሃው የሚገባው ሙቀት 500 ኪሎ ዋት፣ ውሃው 800 ኪሎ ግራም፣ አብሮት የሚግለው ብረት 8 ቶን ነው እንበል። ሁለቱን በ1 ዲግሪ ለማሞቅ ከ7 ሜጋ ጁል ጥቂት የሚበልጥ ያስፈልጋል። ስለዚህ ራዲያተሩ ሙቀት ማስወጣት ቢያቆም ውሃው በየደቂቃው 4 ዲግሪ ያህል ይጨምራል፤ ከ80 ተነስቶ 95 ለመድረስ አራት ደቂቃ አይፈጅበትም። ነጂው ከጠቋሚው ቁጥር ይልቅ ቁጥሩ የሚጨምርበትን ፍጥነት እንዲከታተል የምንመክረው ለዚህ ነው።

በተማሪዎች ሞዴል ላይ ደጋግሜ የማየው ስህተት የማስጠንቀቂያውን ጣሪያ ለመስመሩ ሁሉ 95 ዲግሪ ብሎ መደንገግ ነው። በ2300 ሜትር ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ክፍት በሆነ ሥርዓት ውስጥ ያለ ውሃም በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ደወሉ ከመጮኹ በፊት ውሃው ፈልቷል ማለት ነው። ፓምፑ እንፋሎት መሳብ ይጀምራል፤ የሲሊንደሩ ራስ ሲግል ጠቋሚው ግን እውነቱን ላይናገር ይችላል። ግፊት የሚይዝ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከፍ ያደርጋል፤ የከፍታውን ልዩነት ግን አያጠፋም።

ይሁንና ከፍታን ብቻ መክሰስ ተገቢ አይደለም። አየሩ ሲሳሳ ማራገቢያው የሚያሳልፈው የአየር ክብደት ይቀንሳል፤ የደጋው አየር ግን ቀዝቃዛ ነው። በአዋሽ ቆላ 35 ዲግሪ፣ በአዲስ አበባ 20 ዲግሪ ብለን ብናሰላ ራዲያተሩ የተሻለ የሚሠራው ደጋው ላይ ሆኖ እናገኘዋለን። ቆላው ማቀዝቀዣውን ያዳክማል፤ ደጋው የመፍያውን ነጥብ ያወርዳል። ሞዴሉ ሁለቱንም ባቡሩ በደረሰበት ቦታ ልክ ማስላት አለበት።

አሁን ወደ ነጂው እንምጣ። ጠቋሚው ቀዩን ሲነካ ብዙዎች ኃይሉን ወደ ዝቅተኛው እርከን ይመልሳሉ፤ የባሰባቸውም ሞተሩን ያጠፋሉ። ማራገቢያውና ፓምፑ በሞተሩ ዘንግ የሚዞሩ ከሆነ ዙሩ ሲወርድ ማቀዝቀዣውም አብሮ ይደክማል። ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ ፓምፑ ይቆምና በብረቱ ውስጥ የተከማቸው ሙቀት ባለበት ወደ ቆመው ውሃ ይገባል። በናፍጣ-ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ የሚበጀው፣ ሥፍራው ከፈቀደ ባቡሩን በፍሬን አቁሞ ጭነቱን ከጄነሬተሩ ማላቀቅና ሞተሩን በመካከለኛ ዙር ማቆየት ነው። ለመጥፋቱ ሙቀቱ እስኪወርድ መታገሥ ያስፈልጋል።

ብረቱንና ውሃውን በአንድ የሙቀት ቁጥር የሚወክል ሞዴል ይህን ፈጽሞ አያሳይም። በእርሱ ላይ ሞተር ማጥፋት ሁልጊዜ ትክክለኛ ውሳኔ ሆኖ ይታያል፤ በዚያ የሠለጠነ ነጂም ይህንኑ ልማድ ይዞ ወደ እውነተኛው ሎኮሞቲቭ ይወጣል። ስለዚህ ቢያንስ ለብረቱና ለውሃው የተለያዩ ሁለት ቁጥሮች፣ በመካከላቸውም በፓምፑ ዙር የሚወሰን የሙቀት ልውውጥ እንዲኖር እጠይቃለሁ። የሚጨምረው ጥቂት የፕሮግራም መስመር ብቻ ነው።

በዝግታ ዳገት ሲወጣ በከፍተኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚግሉት የመንኰራኵር ሞተሮች ራሱን የቻለ ንግግር ስለሚሹ ዛሬ አልነካቸውም። ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።