የደረሰን በደል መናገር ከሶብር ያወጣልን?

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይሁን። 

የዛሬው ርዕሳችን ከደቡብ ወሎ አንዲት እህታችን ከላከችልን ደብዳቤ የተነሳ ነው። በአንድ የዓረብ አገር አራት ዓመት በቤት ሠራተኝነት ቆይታ ተመልሳለች። ደመወዟን ተከልክላለች፣ ተደብድባለች። ሌላም በደል ደርሶባታል፤ እርሷ በደብዳቤዋ ሳትዘረዝረው አልፋዋለች፣ እኔም አልፈዋለሁ። አሁን በእናቷ ቤት ናት። ይሁንና ሌሊት እየጮኸች ትነቃለች። በር በኃይል ሲንኳኳ እጇ ይንቀጠቀጣል። የጋለ ካውያ ካየች ክፍሉን ጥላ ትወጣለች። እናቷ ጅን ነው ብለው ሦስት ቦታ ወስደዋታል።

በቅርቡ እንደ እርሷ ከስደት የተመለሱ ሴቶች እሑድ ማታ በስልክ እየተሰባሰቡ ስለደረሰባቸው ነገር እንደሚነጋገሩ ሰማች። የምትመራቸው በነርስነት የሠራች እህት ናት። ልትገባ ስትል ታላቅ ወንድሟ ከለከላት። በቀደር ላይ ማማረር ነው አላት። አሠሪዎችን ማንሳት ሐሜት ነው አላት። ገመናን አደባባይ ማውጣት ነው አላት። «ኡስታዝ፣ ወንድሜ ልክ ነው ወይ?» ብላ ትጠይቃለች።

ወንድሟ ለእህቱ ክብር የሰጋ ሰው ይመስለኛል፤ በክፉ አላየውም። ግን ተሳስቷል። እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ አንድ ብቻ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ብቻ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ስንቶቹን «ምን አመጣሽ?» ብለን ጠየቅን፣ ስንቶቹንስ «ምን ደረሰብሽ?» አልን?

ከቀደር እንጀምር። ነቢዩ የዕቁብ (ዐ.ሰ.) በዩሱፍ መጥፋት ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አዝነዋል፤ ቁርኣን ይህን በሱረቱ ዩሱፍ ይነግረናል። ቤተሰቦቻቸውም «ዛሬም ዩሱፍን ታነሳለህ?» በሚል ዓይነት ወቅሰዋቸዋል። አያችሁ፣ የቤተሰብ መሰልቸት ያኔም ነበር! እርሳቸው ግን ስሞታቸው ወደ አላህ መሆኑን ተናገሩ፤ ወዲያውም ልጆቻቸውን ሂዱና ፈልጉ ብለው ላኩ። ሶብራቸውም፣ እንባቸውም፣ ሰበብ መፈለጋቸውም አብረው ነበሩ። አላህን መክሰስ ሌላ፣ የደረሰን መናገር ሌላ ነው።

ይህ ሁሉ የኢማን ድክመት ነው ለሚል ደግሞ የወሕሺን ታሪክ ላስታውሰው። ወሕሺ የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) አጎት ሐምዛን (ረ.ዐ.) በኡሑድ የገደለው ሰው ነው። ኋላ ሰልሞ ሲመጣ እስልምናውን ተቀበሉት። ነገር ግን ፊቱን ከእርሳቸው ዞር ማድረግ ይችል እንደሆነ ጠየቁት። ዘገባው ቡኻሪ ውስጥ ይገኛል። ከእርሳቸው የበለጠ ኢማን ያለው ማን ነው? ሰውየውን ማየት ግን ሐዘኑን ይቀሰቅሰው ነበር። ዛሬ ሐኪሞች ከከባድ አደጋ ወይም በደል በኋላ የሚቀረውን ቅዠት፣ ድንጋጤና መሸሽ ሕመም ብለው ያክሙታል፤ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ራሱን የቻለ ስም ሰጥተው በመዝገባቸው ያሰፈሩት በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። እኔም በወጣትነቴ ተመሳሳይ ችግር ይዞ የመጣን ሰው «ሰላትህን አጥብቅ» ብዬ ብቻ ሸኝቼዋለሁ። ሰላቱንማ አጥብቆ ነበር።

ሐሜትን በተመለከተ፣ በሱረቱ አን-ኒሳእ 148ኛው አንቀጽ ክፉ ንግግርን ይፋ ማውጣት የተጠላ መሆኑ ሲነገር የተበደለ ሰው ተለይቶ ወጥቷል። ኢማም አን-ነወዊም ሐሜት የሚፈቀድባቸውን ምክንያቶች ሲዘረዝሩ የተበዳይን ስሞታ አስቀድመዋል። እርግጥ እርሳቸው የተናገሩት ፍትሕ ማስገኘት ለሚችል አካል ስለሚቀርብ ስሞታ ነው። እናም እህቴ፣ የሰዎቹን ስም አትጥሪ፤ ስማቸው ለሕክምናሽ አይጠቅምም። ስም ካልተጠራ ደግሞ የሚታማ ሰው የለም። የአንድ ቤት በደል የአንድ አገር ሕዝብ በደል እንዳይደረግም ጠንቀቅ በሉ።

ከባዱ ሦስተኛው ነው። ሰዎች «ሴት ልጅ ገመናዋን አታወጣም» ይላሉ። አላህ የሸፈነለትን ኃጢአት ራሱ የሚያወራ ሰው በሐዲስ ተወግዟል፤ ልክ ነው። ግን የእርሷ ኃጢአት የቱ ነው? የሰረቀው ሌባው እንጂ የተሰረቀው ሰው አይደለም። በሱረቱ አን-ኑር 33ኛው አንቀጽ በግድ ለተደፈሩ ሴቶች የአላህ ምሕረትና እዝነት ተነግሯል፤ ተጠያቂው አስገዳጁ ነው። ልጅቷ ላይ ነውር የምንለጥፍ እኛ እንጂ ሸሪዓው አይደለም።

በእናታችን በዓኢሻ (ረ.ዐ.) ላይ ያ ታላቅ ቅጥፈት በተወራ ጊዜ ሌሊትና ቀን ያለቅሱ ነበር። አንዲት የአንሷር ሴት አስፈቅዳ ገባች፤ ተቀምጣም አብራቸው አለቀሰች። ምክር መስጠቷ አልተዘገበም፣ ስሟም አልተጠቀሰም። ዓኢሻ ግን ከዓመታት በኋላ ታሪኩን ሲያወሩ እርሷን አልዘለሏትም። የእሑድ ማታዎቹ እህቶች የሚሠሩት የእርሷን ሥራ ነው።

ሆኖም ዝም ብለሽ አትግቢ። ሴቶች ብቻ መሆናቸውን አረጋግጪ። ድምፅ የሚቀዳ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ ወይም ሳትፈልጊ ተናገሪ የሚልሽ ካለ ውጪ። መጀመሪያ ሳምንታት ብታዳምጪ በቂ ነው። ከእያንዳንዱ ውይይት በኋላ የሚብስብሽ ከሆነ ለመሪዋ ንገሪያትና አቁሚ። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብሽ ግን ይህ ለስልክ ውይይት የሚተው አይደለም፤ በዚያው ቀን ለቤተሰብ ተናግረሽ ወደ ሆስፒታል ሂጂ። አዲስ አበባ ላይ አማኑኤል አለ፤ በብዙ ሪፈራል ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል።

እናታችን፣ ሩቅያ ሱንና ነው፤ ይቅሩላት። ከሐኪም ግን አያግድም። የሚደበድብ፣ በጭስ የሚያፍን ሰው ቤት ደግሞ አይውሰዷት። ዱላ ሸሽታ ነው የመጣችው።

ወንድሜ አንተም፣ እሑድ ማታ አንድ ክፍል ልቀቁላት፤ የቤቱን ልጆች አንተ ያዝ። ስትወጣ ምን እንዳወራች አትጠይቃት። ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ሐዘን በገባበት ቤት ተልቢና ያሠሩ ነበር፤ የሐዘንተኛን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሰምተዋልና። ተልቢና ማለት የገብስ ነው፤ የእኛው አጥሚት ማለት ነው። ትኩሱን አቅርቡላት።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።