ስለ ኮምፒዩተር መስኮት ጥቂት ቃል



የዛሬው ንግግራችን ሞኒተር ስለሚባለው ስለ ኮምፒዩተር መስኮት ነው። ሻጭ ስለዚህ ዕቃ ሲናገር ኢንች፤ ፒክስል፤ ኸርዝ እያለ ይደረድራል፤ ገዢውም እንደገባው ሰው ራሱን ይነቀንቃል። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርሁ። በቤቴ የነበረውን ባለ 22 ኢንች ትቼ፤ «ይህኛው ትልቅ ስለሆነ የበለጠ የጠራ ነው» ስባል አምኜ ባለ 27 ኢንች ገዛሁ። ገንዘቡ ለልጆቼ ትምህርት ቤት ያኖርሁት ነበር። በከፈትሁት ጊዜ ግን የፊደሉ ጠርዝ እንደ መጋዝ ጥርስ ሆኖ ታየኝ።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፤ መስኮቱ ከአንዱ ማዕዘን እስከ ተቃራኒው ማዕዘን በሰያፍ ተለክቶ ስፋቱን ብቻ ይነግረናል። ሥዕሉን የሚሠሩት ፒክስል የተባሉት ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። በእያንዳንዱ ነጥብ ውስጥ ቀይ፤ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን አለ፤ ሦስቱ እየደመቁና እየደበዘዙ ሲቀላቀሉ ሌላውን ቀለም ሁሉ ያወጣሉ። ሦስቱም በሙሉ ሲበሩ ነጭ ይሆናል። ሠዓሊ ይህን ሲሰማ ይገረም ይሆናል፤ እርሱ ሦስቱን ቀለም ቢደባልቅ የሚያገኘው ጭቃ የመሰለ ነውና።

የነጥቦቹ ብዛት ሬዞሉሽን ይባላል። 1920 በ1080 ማለት ወደ ጎን 1920፤ ወደ ታች 1080 ነጥብ ሲሆን፤ ሲባዛ 2,073,600 ይሆናል። የቀድሞውም ሆነ አዲሱ መስኮቴ ቁጥራቸው ይኸው ነበር። ስለዚህ በቀድሞው በአንድ ኢንች ርዝመት 100 ያህል ነጥብ ሲሰለፍ፤ በአዲሱ የሚሰለፈው 82 ያህል ብቻ ነው፤ አንድ ቁና እህል በሰፊ ሰሌን ላይ ሲሰጣ እንደሚሳሳው ማለት ነው። ለ27 ኢንች 2560 በ1440 የሆነውን መጠየቅ ይገባኝ ነበር።

ኸርዝ ደግሞ ሥዕሉ በአንድ ሰኮንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ይገልጻል። 60 የተለመደ ነው። በፈጣን ጨዋታ ለሚጠመዱ ወጣቶች 144 ጥቅም አለው፤ ደብዳቤ ለሚጽፍ ሰው ግን ለዚያ መክፈሉ አይታየኝም።

የገመዱም ነገር አለ። አይቢኤም እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1987 ዓ.ም. ያወጣው ቪጂኤ ሥዕሉን በሚዋዥቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ያስተላልፋል፤ ኤችዲኤምአይ ግን ሥዕሉንም ድምፁንም በቁጥር መልክ ይወስዳል። ኮምፒዩተሩ ለብቻው የተተከለ ግራፊክስ ካርድ ካለው ገመዱ የሚሰካው በዚያው ካርድ ላይ ነው፤ በሌላው ቀዳዳ ቢሰካ ካርዱ የተገዛበት ዋጋ በከንቱ ይቀራል።

እኔም መስኮቱን ልመልስ ብሄድ «ዕቃው ምንም ጉድለት የለውም» አሉኝ፤ እውነታቸውን ነው። አሁን ወንበሬን ወደ ኋላ ስቤ እቀመጣለሁ፤ ከራቁት ነጥቦቹ አይለዩምና።

ስለ ራምና ስለ ሃርድ ዲስክ በሚመጣው ሳምንት እንናገራለን። ደኅና እደሩ።