በክረምት ወራት ለልጆች ዜማ ስለ ማስተማር የተደረገ ንግግር



በዚህ በኢዮቤልዩ በዓላችን ቀን ስለ ደብራችን ታሪክ ሌሎች አባቶች በሰፊው ስለ ተናገሩ፥ እኔ ስለ አንድ ነገር ብቻ ጥቂት ቃል ለመናገር ፈቃዳችሁን እለምናለሁ፤ ይኸውም ትምህርት ቤት በሚዘጋበት በክረምት ወራት ለሰፈራችን ልጆች ዜማ ስለ ማስተማር ነው።

ክረምት ለዜማ ባዕድ ወራት አይደለም። በ6ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ያሬድ ደረሰው በሚባለው በድጓ ውስጥ ክረምቱ ሁሉ በየክፍሉ የራሱ መዝሙር አለው፤ ከሰኔ 26 ቀን ጀምሮ ስለ ዘርና ስለ ደመና ይዘመራል፥ ከሐምሌ 19 ቀን ጀምሮ ስለ መብረቅና ስለ ነጐድጓድ፥ ስለ ባሕርና ስለ ወንዞች፥ ከነሐሴ 10 ቀን ጀምሮ ያለው ደግሞ ዕጓለ ቋዓት ይባላል፤ ወደ አምላካቸው የሚጮኹ የቍራ ጫጩቶች ማለት ነው። እንግዲህ ልጅን በነሐሴ ወር ዜማ የሚያስተምር ሰው በጊዜው አስተማረ ይባላል። ሰፈራችን ቂርቆስ የተባለው በቤተ ክርስቲያኑ፥ ቤተ ክርስቲያኑም በሕፃኑ ስም ነው፤ ሕፃኑ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር ከሚፈላው ውኃ የዳነበት መታሰቢያም የሚውለው ሐምሌ 19 ቀን፥ ልጆቻችን ከትምህርት ባረፉበት ሰሞን ነው።

ብዙ ሰው ዜማ ሲባል መቅደስና ቅኔ ማሕሌት ብቻ ይመስለዋል። የልጅ ዜማ ግን ከደጅ ይጀምራል። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል፥ ሕዝቡ ቡሄ በሚለው፥ ወንዶች ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፥ ዱላቸውን በምድር ላይ እየመቱ በየደጁ ሆያ ሆዬ ይላሉ፤ አንዱ ያወጣል፥ ሌሎቹ ይቀበላሉ፥ የቤቱም እመቤት ሙልሙል ትሰጣለች። መስከረም 1 ቀን ደግሞ ተራው የሴቶች ልጆች ነው፤ አበባ ይዘው አበባየሆሽ ይላሉ። የሚያወጣው ልጅ የባለቤቱን ስም ጠይቆ፥ ፊቱን አይቶ፥ ቤቱን ቃኝቶ፥ እዚያው ቆሞ ሳለ ቤት የሚመታ ቃል ማግኘት አለበት። እኛ በቅኔ ቤት ሳለን ገሣ ለብሰን በየቍጥቋጦው ሥር ቅኔ ስንቈጥር ያስጨነቀን ይኸው ነበር። ስለዚህ ሆያ ሆዬን የልመና ጨዋታ ነው ብለው ከሚንቁት ሰዎች ጋር አልስማማም። ልጁ ገንዘብ መቀበሉም እምብዛም አያሳዝነኝም፤ ሙልሙል የሚጋግር ቤት ካነሰ ገንዘብ መሰጠቱ አይቀርም። የሚያሳዝነኝ ሁለት ስንኝ ብቻ ይዞ ከደጅ ወደ ደጅ መሮጡ ነው፤ ያስተማረው የለምና።

ይህም ዜማ ያለ ደጅ አይዘመርም። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ኢጣልያኖች በወረራቸው ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው፤ እነርሱ ከሄዱ በኋላ ግን ደጁ የእኛ ሆነ። አባቶች ይቅር ይበሉኝና፥ በዚያ ሰፈር የአዝማሪ ማሲንቆና የማሕሌት ከበሮ በአንድ ሌሊት ይሰሙ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማት ምክንያት ከዚያ ሰፈር ብዙ ቤት ፈረሰ፤ ብዙ ቤተ ሰብም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛወረ። አዲሱ ቤት ከአሮጌው ይሻላል የሚል ሰው አለ፤ እውነት ሊሆን ይችላል፥ በዚህ አልከራከርም። ነገር ግን ያወጣ የነበረው ልጅ ወደ አንድ ወገን፥ ይቀበሉ የነበሩት ወደ ሌላ ወገን ሄደዋል።

ቤቱን የለቀቀ ልጅ ዜማ አይጸናለትም የሚል ቢኖር የከተማችንን ታሪክ ያስታውስ። በ1924 ዓመት በአውሮፓውያን አቈጣጠር፥ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች፥ ወላጆቻቸው በእልቂት ያለቁባቸው፥ አርባ ልጆች ተብለው በአዲስ አበባ የመንግሥቱ የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መምህራቸውም ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበረ።

ስለ ትምህርቱ አኳኋን የሚመስለኝን ልናገር። ከበሮውን አስቀድሞ ለልጅ መስጠት አልወድም፤ ከበሮ የያዘ ልጅ ቃሉን አይሰማም። አስቀድሞ ንባቡን፥ ቀጥሎም የውዳሴ ማርያምን ዜማ በቃሉ ይያዝ፤ ከዚያ ግዕዝን ከዕዝል፥ ዕዝልን ከአራራይ ጆሮው ይለይ። ይዘትና ደረት፥ ድፋትና ጭረት የተባሉትን ምልክቶች በሁለት ወር ጠንቅቆ የሚያውቅ የለም፤ ድጓ ዓመታትን ይፈልጋል። ቢሆንም ልጁ ምልክቱ ከፊደሉ በላይ ተጽፎ ሲያይ ድምፅ በብራና ላይ ሊቀመጥ እንደሚችል ያስተውላል፥ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። በገና 10 አውታር ያለው ስለ ሆነ ለትንሽ እጅ ይከብዳል፥ ዋጋውም እንዲሁ፤ ስለዚህ ለጐልማሶቹና ማታ ከሥራ ለሚመለሱ አባቶችና እናቶች ይሁን፤ ወላጅ እየተማረ ልጁ ሲሰማው ሁለቱም ይጠቀማሉ። የሌላ ሃይማኖት ጐረቤት ልጅም ሆያ ሆዬውን መማር ቢወድ ከደጅ አይመለስ። በቡሄ ቀን ማን ከማን ጋር እንደሚዞር እናንተም ታውቃላችሁ።

ከገላን ጉራ በዝናብ ተሳፍሮ የሚመጣን ልጅ በሳምንት ሦስት ቀን ና ማለት ጭካኔ ነው። ስለዚህ ለሩቆቹ ትምህርቱ ቅዳሜ ጧት ተጠቃሎ ይሰጥ፥ ምሳቸውንም እዚሁ ይብሉ። በመጪው ነሐሴ 13 ቀን ደግሞ ልጆቹን ይዘን ወደ ገላን ጉራ እንድንሄድ፥ በቀድሞ ጐረቤቶቻችን ደጅ ቆመው እንዲያወጡና እንዲቀበሉ እለምናለሁ። የመጓጓዣውን ነገር ሰበካ ጉባኤው ያስብበት። ሙልሙል ያልጋገረ ቤት ቢኖር ቅር አይበለው፤ እኛው ጋግረን ይዘን እንሄዳለን። ከእናንተ መካከል ወደዚያ የተዛወሩትን ሰዎች የሚያውቅ ሁሉ ዛሬ ከዚህ ሲወጣ ስማቸውን ለመሪጌታ ያስመዝግብ፤ የሚያወጣው ልጅ የባለቤቱን ስም አስቀድሞ ማወቅ አለበትና።